ከገበሩ ጀምሩ፦ ለማደሪያ ለተበጀች ሚኒባስ መጋረጃና የውስጥ ልባስ አመራረጥ

ሚኒባሳችን ያረጀች ሃይሩፍ ናት። የኋላ ሁለት ረድፍ ወንበሮቿን አውጥተን የእንጨት አልጋ ሠራንባት። ከባሕር ዳር ተነስተን ሰከላ ለግሽ ዓባይ ጠበል ስንሄድ፣ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ስንጠይቅ፣ ደጀን ላይ ሲመሽብን ማደሪያችን እሷ ናት። ክፍል ፍለጋ ሻንጣ ይዞ ከመንከራተት መጋረጃ ዘግቶ ጋደም ማለት ብዙ ይሻላል።

የዚህችን መኪና መጋረጃ ሦስት ጊዜ ሰፍቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተበላሹት በስፌት አይደለም፣ በጨርቅ ምርጫ ነው። ሰሞኑን ሚኒባሳቸውን እንደኛ ለማበጀት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚከፈት የካምፕ መኪና ላላቸውም አብዛኛው ነገር አንድ ነው፤ የሚለይበትን ቦታ እግረ መንገዴን እጠቁማለሁ።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት

ጨርቅ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ቀለም ነው። "እታለም፣ ይሄ አዲስ የገባ ነው፣ ውሰጂው አይቆጭሽም" ይላል ሻጩ። ጨርቁም ያምራል። ግን መኪና ቤት አይደለችም። የቤት መጋረጃ ከአንድ አየር ጋር ይኖራል፤ የመኪና መጋረጃ በአንድ ቀን ብዙ አየር ያልፋል።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ይሄ ይብሳል። የዓባይ በረሃ ታች ድልድዩ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 አካባቢ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ቀን በረሃው ውስጥ መስታወቱ ሲግል መጋረጃውም አብሮ ይጠበሳል። ማታ ደጋ ላይ አራት ሰው ተዘግቶ ሲተነፍስ ትንፋሹ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ያው የተጠበሰው ጨርቅ ሌሊቱን ይረጥባል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ ጎጂ ጨረርም ይጨምራል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል።

ስለዚህ ማንኛውንም ጨርቅ በእነዚህ መዝኑት። ፀሐይ ይችላል ወይ? ሲረጥብ ምን ይሆናል፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጅበታል ለመድረቅ? ሲታጠብ ይሸበሸባል ወይስ እንዳለ ይመለሳል? ውጭ ያለ ሰው ውስጡን ያያል ወይ? ሲጠቀለል ስንት ቦታ ይይዛል? እሳት ቢነካውስ? ዋጋው የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን። ርካሹን ገዝቶ ሁለቴ መስፋት ከውዱ ይበልጥ ያስወጣል፣ እኔ ከፍዬበታለሁ።

በእጅ የተሸመነ ጥጥ

የመጀመሪያው መጋረጃዬ ይሄ ነበር። ከአንድ ሸማኔ አባት ገዛሁት፣ ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለበት ወፍራም ጥጥ። ሲያምር! ጠዋት ፀሐይ በድርና ማጉ መሃል ስትገባ መኪናዋ ውስጥ የማር ብርሃን ይሞላል። እስካሁንም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ግን ሳላጥበው ሰፋሁት። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ነክሬ አጠብኩት፣ ገመድ ላይ ሰጣሁት፣ ማታ ልሰቅለው ስል ከመስኮቱ በታች አራት ጣት ያህል ክፍት ቀረ። ጨርቁ ተሰብስቧል። ጎትቼ ለመመለስ ሞከርኩ፣ ጥለቱ ተወላገደ። ሸማኔውን ስነግራቸው "ልጄ፣ ድሩ ሲሸመን ተወጥሮ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ወደ ራሱ ይመለሳል። መጀመሪያ አጥበሽ ነበር መቁረጥ" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። በተለመደ አየር ውስጥ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል። ይሄ ሌሊት ላይ ጥሩ ነው፣ ጨርቁ ፊታችሁ ላይ አይጣበቅም፣ አያላብም። ክረምት ላይ ግን ጣጣ አለው። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ከታሰረ በቀናት ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሽታውም አይለቅም። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ያላችሁ ልብ በሉ፦ ጣሪያው ሲዘጋ መጋረጃው በጣሪያው ዙሪያ ካለው የድንኳን ሸራ ጋር ስለሚታጠፍ እርጥብ ጥጥ ሸራውንም ያሻግተዋል።

ሌላው ነገር ስፋቱ ነው። የኔው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ሰፊ መስኮት ላይ መጋጠሚያ ስፌት የግድ ይሆናል።

ፖሊስተር የመጋረጃ ጨርቅ

ሱቁን የሞላው ይሄ ነው። ሁለተኛው መጋረጃዬም ይሄው ነበር፣ ከጥጡ ሸሽቼ። ዋጋው ይቀላል፣ ቀለሙ በብዛት አለ፣ አይሰበሰብም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ፀሐይንም ከጥጥ በተሻለ ይችላል። እርጥበት የሚይዘው ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህን ሳነብ ችግሬ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰከላ ላይ አንድ ሌሊት አደርን። ንጋት ላይ ልጄ "እማ፣ ዝናብ ገባ" ብላ ቀሰቀሰችኝ። ዝናብ አልነበረም። መጋረጃው መስታወቱ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተለጥፎ፣ ውሃው ባልጠጣው ጨርቅ ላይ ተንሸራቶ ከታች ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። የልጄ ትራስ በአንድ ጎኑ ርሷል። ጥጥ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ፖሊስተር ያሳልፈዋል። ሁለቱም ብቻቸውን አልሆኑልኝም።

ለቀላል ጉዞ፣ ለቆላ፣ ቀን ቀን ብቻ ለሚያርፍ ሰው ፖሊስተር በቂ ነው። ስስ የሆነውን ግን ተዉት። ቀን ያያችሁት መሸፈኛ ማታ ውስጥ መብራት ስትለኩሱ እንደሌለ ነው፤ ውጭ የቆመ ሰው ጥላችሁን ብቻ ሳይሆን ፊታችሁን ያያል። ሱቅ ውስጥ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከጨርቁ ኋላ ያዙትና እዩ።

ቅልቅል ጨርቅ

ግማሽ ጥጥ፣ ግማሽ ፖሊስተር የሆነው የአንሶላ ዓይነት ጨርቅ ነው። ብዙ አይሰበሰብም፣ ትንሽ እርጥበት ይጠጣል፣ በቤት የስፌት መኪና በቀላሉ ይሰፋል። የሚገርም ውበት የለውም። ግን ፊት ለፊት የሚታየው ጨርቅ እሱ ቢሆን፣ ከኋላው ጥሩ ገበር ቢኖረው፣ ከዚህ የተሻለ ለጀማሪ አልመክርም። የአሁኑ ሦስተኛው መጋረጃዬ ይሄ ነው፤ ሁለት ክረምት አልፏል።

ሸራና ጂንስ

ጠንካራ ናቸው፣ ብርሃን ይከለክላሉ። ግን ከባድ ናቸው፣ ሲታጠፉ ይቆለላሉ፣ ከረጠቡ ለመድረቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጃሉ። በቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰቀሉ መሃሉን ያረግቡታል። ለመስኮት አይሁኑ። ለፍራሽ ልባስ ግን እመለስባቸዋለሁ።

ብርሃን ከልካይ ጨርቅ

በአንድ ጎኑ የተለበጠው፣ ብዙዎች ብላክአውት የሚሉት ነው። ጨለማ ያደርጋል፣ ሙቀትም ይቀንሳል። ሕፃን ላለበት ቤተሰብ፣ ሌሊት ነድቶ ቀን ለሚተኛ ሾፌር ወደር የለውም። ችግሩ ልባጩ ነው። በሙቅ ውሃ ካጠባችሁት ወይ አጥብቃችሁ ከጨመቃችሁት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ብርሃኑ በስንጥቁ ይገባል። አየርም አያሳልፍም። መርፌ የወጋው ቀዳዳም አይዘጋም፣ ስለዚህ አንዴ የተሰፋውን ፈትቶ መስፋት አይቻልም ማለት ይቻላል። በስፒል ሳይሆን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።

አሁን ወደ ዋናው፦ ገበር

ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው በፊት ጨርቁ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምለው። መስታወቱን የሚነካው፣ ፀሐይ የምትበላው፣ የመስታወቱን ውሃ የሚቀበለው ገበሩ ነው። ፊት ጨርቁ ከኋላው ተደብቆ ይኖራል። ጥሩ ገበር ያለው ርካሽ ጨርቅ ገበር ከሌለው ውድ ጨርቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ለገበር የምመርጠው አቡጀዴ ነው። ጥጥ ስለሆነ ውሃውን ይጠጣል፤ ፊት ጨርቁ ቅልቅል ስለሆነ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ቶሎ አይሻገርም። ነጣ ያለ ስለሆነ ፀሐይን ይመልሳል። ርካሽ ነው። ፀሐይ ሲያሳሳው አውልቃችሁ አዲስ ትሰፋላችሁ፣ ፊት ጨርቁ እንዳለ ይቀመጣል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ያደጉ እናቶቻችን ጣቃ ሲገዙ ጠርዙን በጣታቸው አሽተው ድሩን ይቆጥሩ ነበር። አቡጀዴ ስትገዙ እንዲሁ አድርጉ። ወደ ብርሃን አንሱት፤ ድሩ እንደ ወንፊት ከታየ ተዉት።

አሰፋፉ ላይ አንድ ነገር አደራ። ገበሩን ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ ስፉት፣ ከታች ልቀቁት። ሁለቱ ጨርቆች እኩል አይሰበሰቡም። አራቱንም ጎን ከሰፋችሁት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ መጋረጃው እንደ ተሸበሸበ ፊት ይሆናል። ታቹ ነፃ ከሆነ ግን እያንዳንዱ በራሱ ይወርዳል፣ በመሃሉም አየር ገብቶ ያደርቀዋል።

ክሩ የፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ፀሐይ ላይ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጨርቁ ሳያልቅ ስፌቱ ይለቃል። መርፌ 14 ቁጥር ለዚህ ይበቃል፣ ለሸራና ለጂንስ 16 ቁጥር። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉት።

አሰቃቀሉ

የሚኒባስ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከላይ ብቻ የተሰቀለ መጋረጃ ከመስታወቱ ርቆ ይንጠለጠላል፣ የተኛ ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ያስፈልጋል፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች። ፕላስቲክ የለበሰው የሚለጠጠው የመጋረጃ ሽቦ ርካሽና በቂ ነው። ከመስኮቱ ስፋት ትንሽ አሳጥራችሁ ቁረጡት፤ ተወጥሮ ካልቆመ መሃሉ ይረግባል።

ተጣባቂ ቬልክሮም አማራጭ ነው። ለኋላ መስኮት ይሆናል፣ ዳር ዳሩን ጥብቅ አድርጎ ስለሚዘጋ ብርሃን አያስገባም። ግን ሙጫ ያለው ጎኑ በበረሃ ሙቀት ይላቀቃል። ቀን ዓባይ በረሃን ስትወርዱ አንዱ መጋረጃ ሾፌሩ ላይ ቢወድቅ አስቡት። ከተጠቀማችሁበት ጨርቁ ላይ ሰፍታችሁ፣ አካሉ ላይ በብሎን አጥብቁት። በምትነዱበት ጊዜ የሾፌሩና የጋቢናው መስኮት ምንጊዜም ክፍት ይሁን፣ የኋላውም መጋረጃ ይሰብሰብ።

የፍራሽና የወንበር ልባስ

እዚህ ሦስት አማራጭ አለ። ሰው ሌዘር የሚለው ሰው ሠራሽ ቆዳ በጨርቅ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ሕፃን ቢያፈስበት፣ ወጥ ቢደፋበት ችግር የለም። ሌሊት ግን ያልባል፣ ማለዳ ይበርዳል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ከፈይ ይሞቃል፣ ያምራል። ነገር ግን በጠጠር መንገድ አንድ ጉዞ ሂዱና በመዳፋችሁ ምቱት፤ የሚነሳውን አቧራ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ሸራና ወፍራም ጂንስ እዚህ ነው ቦታቸው። ይችላሉ፣ አያንሸራትቱም፣ ሲቆሽሹ ወልቀው ይታጠባሉ።

እንዲወልቁ ግን ዚፕ ይኑራቸው። ዚፑን በረጅሙ ጎን አድርጉት፤ በአጭሩ ጎን ካደረጋችሁት ስፖንጁን ለማስገባት መታገል ነው። ከዚህ በፊት ለአንድ ሰፊ የሰጠሁት ልባስ ዚፕ ሳይኖረው በእጅ ተሰፍቶ መጣ። ለማጠብ መቅደድ ነበረብኝ። ስትሰጡ በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ስላችሁ ስጡ።

ስፖንጁ ላይ አትሰስቱ። በእጃችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ቶሎ ካልተመለሰ አይሆንም። ከእንጨት አልጋ ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ጎናችሁ እንጨቱን ያገኘዋል። የአልጋውን እንጨት በየቦታው ብሱት፤ ከፍራሹ ሥር አየር ካልገባ እዚያም ይሻግታል።

ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል። ወፍራም ምንጣፍ ጭቃ ይዞ ይቀራል። ግድግዳውን ከመቀባታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት፣ ቅባት ካለ ቀለሙ ይላጣል። ፈዛዛ ቀለም ትንሿን መኪና ያሰፋታል።

ስለ እሳት

ፖሊስተር በ250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቀልጦ የሚንጠባጠበው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ደግሞ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የትኛውም ጨርቅ ቢሆን መኪና ውስጥ ቡና አይፈላ፣ ሻማም አይብራ። ከሰል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጭሱ ካለቀ በኋላም የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል። ደጋው ቢበርድም ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ምድጃ አታስገቡ። መጋረጃችሁ የቱንም ያህል ቢዘጋ አንዱን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱት፤ የመስታወቱም ውሃ በዚያው ይቀንሳል።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| ጨርቅ | ፀሐይ | የመስታወት ውሃ | እጥበት | ሲጠቀለል | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእጅ የተሸመነ ጥጥ | መካከለኛ | ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል | ይሰበሰባል | ወፈር ይላል | ውድ |
| ፖሊስተር | ጥሩ | ያንጠባጥባል | ቀላል | ትንሽ | ርካሽ |
| ቅልቅል ከአቡጀዴ ገበር ጋር | ጥሩ | ገበሩ ይጠጣል | ቀላል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ሸራ፣ ጂንስ | ጥሩ | ይጠጣል፣ በጣም ይዘገያል | ከባድ | ትልቅ | መካከለኛ |
| ብርሃን ከልካይ | ጥሩ | አይጠጣም | ጥንቃቄ ይፈልጋል | መካከለኛ | ውድ |

ለማን የቱ?

በዓመት አንዴ ሁለቴ የምትወጡ ከሆነና ገንዘቡ ካጠረ፣ ወፈር ያለ ፖሊስተር ግዙና ራሳችሁ ስፉት። ከመስታወቱ ሥር ማታ ማታ ፎጣ ዘርጉ፣ ይበቃል።

ለጠበል፣ ለክብረ በዓል፣ ደጋ ላይ ደጋግመው ለሚያድሩ ቅልቅሉን ከአቡጀዴ ገበር ጋር ነው የምለው። ሕፃን ካለ በሕፃኑ ራስጌ ያለውን አንዱን መስኮት ብቻ ብርሃን ከልካይ አድርጉት። ሁሉንም ማድረግ ወጪም ነው፣ አየርም ያፍናል።

እንግዳና ቱሪስት ለምታስተናግዱ፣ በእጅ የተሸመነውን ፊት ጨርቅ አድርጉ፣ ገበር ግን አይቅርበት። ጢስ ዓባይን ሊያይ የመጣ ሰው የሀገሩን ጥለት ቢያይ ደስ ይለዋል፣ ለሸማኔውም ገበያ ነው። ለኪራይ የምታሠሯት መኪና ከሆነች ደግሞ ወንበሩን ሌዘር፣ አልጋውን ሸራ አልብሱ።

አዲስ መግዛት ካልቻላችሁ ያረጀ የአልጋ ልብስ ፊት ጨርቅ ይሆናል። የሚገዛው አቡጀዴው፣ ክሩና ሽቦው ብቻ ነው። እኔ አሁን ቢሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ስንት ሜትር?

የኔን ልኬት ልስጣችሁ። የጎን መስኮቶቹ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ 120 በ52 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱን በአንድ ተኩል አበዛሁት፣ 180 ሆነ። ለሁለቱ ዳር እጥፋት 6 ጨመርኩ፣ 186። ቁመቱ ላይ ከመስኮቱ በላይና በታች እንዲያልፍ 8፣ ለሁለቱ ሽቦ መግቢያ 8 ጨመርኩ፣ 68 ሆነ። ጨርቁ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው በአንድ ስፋት ላይ ሁለት መጋረጃ ጎን ለጎን ይወጣል። ለአራቱ 3 ሜትር ከ72 ማለት ነው። የኋላው መስኮት 130 ስለሆነ 2 ሜትር ከ1 ይፈልጋል። ድምሩ 5 ሜትር ከ73። መሰብሰቡን አስቤ 6 ሜትር ተኩል ገዛሁ፣ አቡጀዴውንም ያንኑ ያህል።

ሁለቱንም ማታ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ጠዋት ሰጥቼ፣ ሲደርቁ ተኩሼ፣ እንደገና ለካሁ። አቡጀዴው ከጠበቅኩት በላይ አጥሮ ነበር፤ መቀሱን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።